ያልተያዘ ዓሣ ዋጋ

በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ጠረፍ፣ ኦሬገን ኢንሌት ከሚባለው የባሕር በር አጠገብ፣ ጎህ ሳይቀድ ሞተራቸው የሚነሣ ጀልባዎች አሉ። እያንዳንዷ ጀልባ ካፒቴን፣ ረዳትና እስከ ስድስት የሚደርሱ ደንበኞች ይዛ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ትወጣለች። የሚፈለገው ቱና ነው። እኛ ታክሲ ኮንትራት እንደምንይዝ ደንበኞቹ ጀልባዋን ለቀኑ ኮንትራት ይይዟታል፤ ዋጋውም ለሙሉ ቀን ከ2,000 ዶላር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ከፊሉ ቀደም ብሎ በቀብድ ይከፈላል፣ ቀሪው በዕለቱ። ማታ ጀልባዋ ወደብ ስትመለስ የበረዶ ሣጥኑ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ባዶም ሊሆን ይችላል። ባዶ ቢሆን ገንዘቡ አይመለስም። ከፋዩ ተዘረፍኩ አይልም፣ ካፒቴኑም እንደ አታላይ አይቆጠርም። ሁለቱም እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ይለያያሉ። ይህ የሆነው በምን ሕግ ነው? ሻጩ በእጁ የሌለውን፣ ገዢው ያላየውን፣ በቦታው መኖሩን እንኳ ማንም ሊያረጋግጥ የማይችለውን ነገር በገንዘብ መለወጥ እንዴት ፍትሕ ሊሆን ቻለ? «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረታችን የሚገሥጸው እንዲህ ያለውን ሀብት ነው፤ እዚህ ደግሞ ላሟ ከሰማይ ወርዳ ከባሕር ሥር ገባች እንጂ ነገሩ ያው ይመስላል። እኔ ግን ተስፋን በሐቅ መሸጥና መግዛት ይቻላል እላለሁ። የሚቻለው ሻጩ በእጁ ያለውን አሟጥጦ ሲሰጥና የሚያውቀውን ሳይሸሽግ ሲናገር ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ጀልባ የሚመርጥ ሰው በእውነት የሚመርጠው የሰውን ጠባይ ነው፤ የአከፋፈሉም ሥርዓት ያንን ጠባይ ወይ ይጠብቀዋል፣ ወይ ያበላሸዋል።

ጥያቄው ለጥንት የሕግ ሊቃውንት እንግዳ አልነበረም። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የሮማዊው የሕግ ሊቅ የፖምፖኒዮስ ጽሑፍ በንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያኖስ ዘመን በ533 በወጣው ታላቅ የሕግ ስብስብ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። የሚሸጥ ነገር ሳይኖር ሽያጭ እንደማይኖር ካስረዳ በኋላ አንድ የተለየ ጉዳይ ያነሣል፤ እርሱም ገና ያልተያዘ የዓሣ ወይም የወፍ አደን ነው። አጥማጁ ምንም ባያወጣ እንኳ ሽያጩ የጸና ነው ይላል፤ የተገዛው ተስፋው ስለሆነ። ሌላው ሊቅ ኬልሱስ ነገሩን የበለጠ አጠራው። አጥማጁ ዋጋ ከተቀበለ በኋላ መረቡን አልጥልም ካለ፣ የዚያ ያልታወቀ ዕድል ዋጋ ይገመትበታል። ጥሎ ያወጣውን አላስረክብም ካለ ግን የሚገመተው ያወጣው ዓሣ ነው። በእኔ አስተያየት ስለዚህ ጉዳይ ከተጻፈው ሁሉ ይህን ያህል ጥርት ብሎ የቆረጠ የለም። መረቡን መጣል የአጥማጁ ፋንታ ነው፤ መረቡ ውስጥ የሚገባው የእርሱ ፋንታ አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው በመጀመሪያው ነው። በእስልምና በኩል በውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ እንዳይገዛ የሚከለክል ቃል ከነቢዩ ባልደረባ ከዐብደላህ ኢብን መስዑድ ተላልፏል፤ ምክንያቱም ገረር መሆኑ ነው፣ ማለትም መገኘቱ ባልታወቀ ነገር ላይ የቆመ ውል። ላይ ላዩን ሲታይ ሮማዊው የፈቀደውን ይህ የከለከለ ይመስላል። ሆኖም ያው የእስልምና ሕግ ሰውን ለታወቀ ሥራና ለታወቀ ጊዜ በታወቀ ዋጋ መቅጠርን ይፈቅዳል። ስለዚህ የኦሬገን ኢንሌቱ ደንበኛ ዓሣ ገዛሁ ካለ የእስልምናው ሕግ ይቃወመዋል፤ የካፒቴኑን ቀን ቀጠርኩ ካለ ግን ሁለቱም አይከለክሉትም። ልዩነቱ የቃላት ብቻ እንዳይመስለን። ምን እንደገዛ የማያውቅ ሰው ምን እንደተነፈገም ማወቅ አይችልም።

ካፒቴኑ ቱናውን ሊሸጥ የማይችለው ቱና ባለቤት ስለሌለው ነው። ቆሞ መተንፈስ የማይችል፣ ያለ ዕረፍት የሚዋኝ ፍጥረት ነው። ብሉፊን የሚባለው ትልቁ ዝርያ ከአብዛኞቹ ዓሦች በተለየ የሰውነቱን ሙቀት ከውኃው ሙቀት በላይ አድርጎ ይይዛል፤ በዚህም የተነሣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ እስከ ካናዳ ቀዝቃዛ ውኃ ይዘልቃል፣ አትላንቲክንም ተሻግሮ አውሮፓ ዳርቻ ይደርሳል። እንዲህ ያለውን መንገደኛ «ነገ ጠዋት እዚህ ታገኘዋለህ» ብሎ ቃል የሚገባ ሰው የማያውቀውን እየተናገረ ነው። ካፒቴኑ በእጁ ያለው ሌላ ነው። ገልፍ ስትሪም የሚባለው ሞቃት የባሕር ጅረት ከቀዝቃዛው ውኃ ጋር የሚጋጠምበትን ጠርዝ በውኃው ቀለምና በሙቀት መለኪያ ለይቶ ያውቃል፤ ወፎች የሚያንዣብቡበትን አይቶ ከሥራቸው ምን እንዳለ ይገምታል፤ እዚያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ከ30 ማይል በላይ ነዳጅ ያቃጥላል። ረዳቱ መንጠቆና ክሩን፣ የሚጎተተውን ማጥመጃ ዓሣ አዘጋጅቶ የሚጠብቀው ደንበኛው ገና ተኝቶ ሳለ ነው። ይህ ሁሉ ዓሣ ቢገኝም ባይገኝም ይሠራል። ሉቃስ በ5ኛው ምዕራፍ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም ያልያዙ አጥማጆችን ሲያሳየን መረባቸውን እያጠቡ ነው። ተአምሩ ስለሚከተል ይህችን ትንሽ ነገር አልፈናት እንሄዳለን፤ እኔ ግን ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ምስክር ናት እላለሁ። ዓሣ ያልገባበት መረብም መታጠብ አለበት፤ ድካሙ በውጤቱ ማጣት ድካም መሆኑ አልቀረም።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ካፒቴኑ በችሎታው የሚተማመን ከሆነ ለምን በውጤቱ አይከፈለውም? ዓሣ ከሌለ ክፍያ የለም ቢባል ሰነፉ ከጎበዙ ይለይ ነበር፣ የዋሁ ደንበኛም ባልታወቀ ነገር ገንዘቡን አይከስርም ነበር። ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ክፍያው በዓሣው ላይ ብቻ ሲሰቀል የካፒቴኑ ልብ ወዴት እንደሚሄድ እንመልከት። ነፋሱ ሲበረታ የሚመለስ ካፒቴን ባዶ እጁን ስለሚመለስ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ፤ ስለዚህ አይመለስም። የአሜሪካ ሕግ በዚህ በአትላንቲክ በኩል ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው በቀን ከሦስት በላይ ባለቢጫ ክንፍ ቱና እንዳይዝ፣ ከ27 ኢንች ያነሰውንም ወደ ባሕር እንዲመልስ ያዛል። በዓሣ የሚከፈለው ካፒቴን 26 ኢንች የሆነውን ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሐኪምን በሽተኛው ከዳነ ብቻ የምንከፍል ብንሆን ከባድ ሕመም ያለበትን የሚቀበል ሐኪም አናገኝም ነበር፤ ጠበቃንም ከረታ ብቻ ብንከፍል ሐሰተኛ ምስክር የሚፈልግ ጠበቃ እናበዛ ነበር። ከሰው እጅ ውጭ በሆነ ውጤት ላይ ደመወዝ መስቀል ጉዳቱ ይኸው ነው፤ ሠራተኛውን የሚያተጋው መስሎ ሐቁን ይሸረሽርበታል። የሰነፉ ጉዳይ እውነት ነው፣ አልክድም። መድኃኒቱ ግን ከክፍያው በፊት መጠየቅ ነው። ማስታወቂያ ላይ የሚለጠፈው ፎቶ የዓመቱ ምርጥ ቀን ነው፤ ስለዚህ የሚጠቅመው ጥያቄ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን ወጥታችሁ ስንት ቀን ባዶ ተመለሳችሁ የሚለው ነው። ባዶ ቀኖቹን ሳይቀንስ የሚቆጥር ካፒቴን የሚሸጠውን ተስፋ በትክክለኛ ሚዛን ሰፍሮ አቀረበ ማለት ነው። ፈቃዱን፣ የነፍስ አድን ዕቃውን፣ የጀልባዋን ይዞታ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ የመንገደኛ ጀልባ ምርመራ ያላለፈች እንዲህ ያለች ጀልባ ከስድስት በላይ ከፋይ መጫን አትችልም፤ ሰባተኛ ሰው እጨምራለሁ የሚል ካፒቴን ሌላውንም ሕግ እንዴት እንደሚይዝ ከወዲሁ ነገረን ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ግን ጀልባዋ ከወደቡ ሳትወጣ የሚመጣው ነው። ኦሬገን ኢንሌት በ1846 ማዕበል የከፈተው በር ነው፤ አሸዋው ከዓመት ዓመት፣ አንዳንዴም ከሳምንት ሳምንት ቦታውን ይለውጣል፤ ከውቅያኖሱ የሚገባው ሞገድም በዚያ ላይ ይሰበራል። በእንዲህ ያለ ስፍራ «ዛሬ አንወጣም» የሚለው ቃል ከማንኛውም የማጥመድ ጥበብ የበለጠ ዋጋ አለው። ያንን ቃል ለመናገር ካፒቴኑ የቀኑን ገቢ ማጣት አለበት። ደንበኛው በበኩሉ የዕረፍት ቀን ወስዷል፣ ከሩቅ ከተማ ሌሊት ነድቶ መጥቷል፣ ወንድሞቹንና ጓደኞቹን ሰብስቧል፤ የቀብዱም ነገር ያሳስበዋል። በብዙ ቦታ ያለው ልማድ ካፒቴኑ በአየር ጠባይ ምክንያት ጉዞውን ሲሰርዝ ቀብዱ እንዲመለስ ወይም ወደ ሌላ ቀን እንዲዛወር፣ ደንበኛው በራሱ ምክንያት ዘግይቶ ሲቀር ግን ቀብዱ እንዲቀርበት ነው። ልማዱ መልካም ነው፤ ለካፒቴኑ ፍርድ ቦታ ይለቅለታል። ያም ሆኖ ቀብድ ቢቀመጥም ባይቀመጥም ደንበኛው «ይህን ያህል መንገድ መጥተን?» እያለ ሲገፋ የኃላፊነቱ ከፊል ወደ ራሱ ይዞራል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ የተቆጣ ባሕር የሚጎረጉር ደግሞ ዘንዶውን የሚያወጣው ለስምንት ሰው ነው። በነነዌ ጾም የሚነበበው መጽሐፈ ዮናስ እዚህ ላይ የሚያስተምረው ነገር አለ። ዮናስ በኢዮጴ የመርከቡን ዋጋ ከፍሎ ነው የተሳፈረው። ማዕበሉ ሲነሣና ምክንያቱ እርሱ እንደሆነ ሲታወቅ፣ ራሱ ወደ ባሕር ጣሉኝ እያላቸው፣ መርከበኞቹ አስቀድመው ያደረጉት ወደ ምድር ሊመልሱት አጥብቀው መቅዘፍ ነበር። የተከፈላቸው ዋጋ እስከ ተርሴስ ነበር፤ እነርሱ ግን የተሸከሙት ነፍስ መሆኑን አልዘነጉም። ደንበኛን ወደ ወደብ የሚመልስ ካፒቴን ውሉን አላፈረሰም፤ ውሉ ሁሉ የቆመበትን መሠረት ጠበቀ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ባዶ እጅ ነው። ጠቡ የሚብሰው ግን እጅ ሲሞላ ነው። ፕሉታርክ በሶሎን ታሪክ ውስጥ የሚያወሳው አንድ ነገር አለ። የቆስ ሰዎች መረብ ሲጥሉ ከሚሊጢን የመጡ እንግዶች ገና ከባሕር ያልወጣውን ይገዛሉ። መረቡ ሲወጣ በውስጡ ባለ ሦስት እግር የወርቅ ዕቃ ተገኘ። ገዢዎቹ መረቡ ያወጣውን ሁሉ ገዝተናል አሉ፤ አጥማጆቹ የሸጥነው ዓሣ ነው አሉ። ነገሩ ከተሞቹን እስከ ጦርነት አደረሳቸው። ይህ የጥንት ተረት ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ወደ ማሳቹሴትስ ጠረፍ፣ ወደ ግሎስተርና ኬፕ ኮድ ይመልከት። እዚያ የሚያዘው ብሉፊን ቱና በመቶዎች ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ በ1979 በኖቫ ስኮሺያ በመንጠቆ የተያዘው 679 ኪሎ ነበር። እስከ 1960ዎቹ ድረስ እንዲህ ያለ ግዙፍ ዓሣ ለእንስሳት መኖ በሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ግን በአውሮፕላን ወደ ጃፓን መላክ ሲጀመር ዋጋው ተለወጠ። በ2019 በቶኪዮ የአዲስ ዓመት ጨረታ አንድ 278 ኪሎ የሚመዝን ብሉፊን 333.6 ሚሊዮን የን ወጥቶበታል፤ ያ ለክብርና ለስም የተከፈለ ስለሆነ ተራ የገበያ ዋጋ አይደለም፣ ግን ሰው በዚህ ዓሣ ላይ የጣለውን ልብ ያሳያል። በአሜሪካ ሕግ ለመዝናናት የተያዘ ቱና አይሸጥም። ይሁንና ደንበኛ የምትጭን ጀልባ የንግድ ፈቃድ ከተጨመረላት 73 ኢንች የሞላውን ብሉፊን መሸጥ ትችላለች፤ በዚያን ቀን የምትሠራው በንግድ ደንብ ይሁን በመዝናኛ ደንብ የሚወሰነውም መጀመሪያ ይዛ በምታስቀረው ብሉፊን መጠን ነው። ማሳቹሴትስ ባለችበት በኒው ኢንግላንድ ክፍል ባሉ ብዙ ጀልባዎች ልማዱ ግዙፉ ዓሣ የጀልባዋ ነው የሚል ነው። ቀኑን የከፈለው፣ ዘንጉን ይዞ ለሰዓታት ሲታገል ላቡ የፈሰሰው ደንበኛ ጥቂት ሥጋ ይዞ ይሄዳል፤ ዓሣው ለነጋዴ ይሸጣል። በሰሜን ካሮላይና ግን ባለቢጫ ክንፉ ቱና ከደንበኛው ጋር ወደ ቤት ይሄዳል።

ከሁለቱ ልማዶች የትኛው ትክክል ነው? ኬልሱስን የሚከተል ሰው የመረብ መጣልን የገዛ መረቡ ያወጣውንም ገዝቷልና ዓሣው የደንበኛው ነው ሊል ይችላል። ከላይ የተከራከርኩለትን የሚከተል ደግሞ ደንበኛው የገዛው ቀኑን ነው፣ ቀኑንም አግኝቷል ሊል ይችላል። እኔ ሁለቱም ልማድ ሐቅ ሊሆን ይችላል እላለሁ፤ ሐቅ የማይሆነው ዝምታው ነው። ቱናው ይገኝ አይገኝ ማንም አያውቅም፤ ያ ጨለማ የባሕሩ ነው፣ ማንም አይወቀስበትም። ቢገኝ የማን እንደሚሆን ግን ካፒቴኑ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ያውቃል። ሊወገድ የሚችለውን ጥርጣሬ ሆን ብሎ መተው፣ ዓሣው ከጀልባዋ ጎን ከታየ በኋላ «ልማዳችን እንዲህ ነው» ማለት፣ ያ ነው ገረር፣ ያ ነው የላሟ ተረት። የሸጥኩት ተስፋ ነው የሚል ሰው የተስፋውን ወሰን መናገር ግዴታው ነው። አንዳንዶች ሁሉም ካፒቴን ስለሚያውቀው መናገር አያስፈልግም ይላሉ። ደንበኛው ግን ካፒቴን አይደለም። በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ እንደሚኖሩት ብዙ ወገኖቻችን ከባሕር ርቆ ተወልዶ ያደገ ሰው የግሎስተርን ልማድ ከየት ያውቀዋል? ልማድ ሕግ የሚሆነው በሚያውቁት መካከል ነው።

ይህ ሁሉ ቁማር ነው የሚልም አይጠፋም። ቁማር የሚሆነው አንዱ የሚያተርፈው ሌላው ሲከስር ብቻ ሲሆን ነው። እዚህ ባዶ ቀን ለማንም ትርፍ አያመጣም፤ ካፒቴኑ ከማንም በላይ ዓሣ እንዲገኝ ይመኛል፤ ስሙም፣ የሚቀጥለው ደንበኛም በዚያ ላይ ነው። ከዚህ በላይ ይህ ተቃውሞ የሚያቆየን አይመስለኝም።

የሚያቆየን ሌላው ነው። ረሃብተኛ ባለበት ዓለም ለአንድ ቀን ደስታ ከ2,000 ዶላር በላይ ማውጣት፣ ያውም ነፍስ ያለውን ፍጥረት ለመግደል፣ ስለ ውል ፍትሕ የተነገረው ሁሉ ሊሸፍነው ይችላል ወይ? አይችልም። በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ሐቅ አንድ ነገር ነው፣ ሰው በፈጣሪው ፊት ስለ ገንዘቡ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ300 ዶላር ያልፋል፤ በዚያ ገንዘብ ከገበያ የሚገዛው ዓሣ ብዙ ስለሆነ፣ ለምግብ ነው የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። ይህን የሚያወጣ ሰው ለድኻው የሚሰጠውን አስቀድሞ አስቦ መሆን አለበት፤ ለዚህ ምክንያት ልፈጥርለት አልችልም። ስለ ዓሣው ግን አንድ ነገር መናገር ይቻላል። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አትላንቲክ ብሉፊንን በ2011 ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝግቦት ነበር፤ በ2021 ከዚያ መዝገብ አውጥቶ ስጋቱ ዝቅተኛ ከሆነባቸው ጋር አስቀመጠው። ያዳነው የአትላንቲክን ቱና የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ያጠበቀው የኮታ ገደብ፣ አገሮችም ገደቡን ማክበራቸው ነው። እንግዲህ 26 ኢንቹን ዓሣ ወደ ባሕር የሚመልሰው ካፒቴን፣ አራተኛውን ቱና አንድ ተጨማሪ ብቻ እያለ የሚለምነውን ደንበኛ እምቢ የሚለው ካፒቴን የመሥሪያ ቤት ደንብ ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ ውሉ ከሁለቱ ወገኖች ሌላ ሦስተኛ ወገን እንዳለበት ያስባል። ደንበኛውም የገዛው ተስፋ እንጂ ዓሣ እንዳልሆነ ከልቡ ካመነ እምቢታው አያስቆጣውም።

ከልብ ማመኑ የሚታወቀው በጉዞው መጨረሻ ነው። በእነዚህ ጀልባዎች ላይ ለረዳቱ ከዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ መስጠት ልማድ ነው፤ ብዙው ረዳት የሚኖረውም በዚያ ነው። የበረዶ ሣጥኑ ሲሞላ ጉርሻው በደስታ ይሰጣል። ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ግን የደንበኛው እጅ ኪሱ ውስጥ ይዘገያል፤ ዋጋውን ለድካም ነው የከፈልኩት ያለ ሰው በዚያች ቅጽበት ለዓሣ እንደከፈለ ይገለጥበታል። ረዳቱ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ክሩን አዘጋጅቷል፣ ቀኑን ሙሉ ማጥመጃውን እየለዋወጠ ጥሏል፣ አሁንም ደንበኞቹ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ባሕሩን ከጀልባዋ ላይ ሊያጥብ ቱቦውን ይዞ ቆሟል። አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቀን እንዲህ ያለች ጀልባ ኮንትራት ቢይዙ፣ ዓሣው ቢገኝ የማን እንደሆነና ባሕሩ ቢከፋ ቀብዱ ምን እንደሚሆን ገንዘብ ሳይልኩ ይጠይቁ፤ ባዶ እጅዎን ቢመለሱም ከረዳቱ ጉርሻ ላይ አንድ ዶላር አይቀንሱበት።